ጀማሪዋ ገና እንዳትጀምር

መሥሪያ ቤቱ ባለጉዳዮችን የሚያገለግል ድረ ገጽ እንዲኖረው የተወሰነው ሰኞ ጠዋት ነው። ማክሰኞ ጠዋት ድረ ገጹን የምትሠራው ሰው ተመረጠች። ረቡዕ ጠዋት ደግሞ የተመረጠችው ሰው ሙያውን እንደማታውቀው ታወቀ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ በሚያስደንቅ ፍጥነት ነበር የሄደው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ኮሚቴ ነው።

የተመረጠችው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ናት። መሥሪያ ቤቱ የቤት ባለቤትነት ማረጋገጫ ይሰጣል፤ እሷ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጣ፣ የትኛው ፋይል ከየትኛው ጠረጴዛ ወደ የትኛው ጠረጴዛ እንደሄደ በአንድ ትልቅ መዝገብ ላይ ታሰፍራለች። ፋይል የወሰደ ይፈርማል፤ የመለሰም ይፈርማል። በስድስት ዓመት ውስጥ መዝገቡን የሞላው ግን የወሳጆች ፊርማ ነው። ለምን እንደተመረጠች በቃለ ጉባኤ ተጽፏል፦ "በሁለት እጇ ስለምትተይብ።"

እሷም እንቢ አላለችም። እንቢ እንዳትል ያደረጓት ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ነበሩ። መምህሩ ቤታቸውን ወደ ልጃቸው ስም ለማዛወር ፋይል ካስከፈቱ ሁለተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣሉ። አሳንሰሩ ከተመረቀበት ዕለት ጀምሮ ጥገና ላይ ስለሆነ ሰባ ስምንቱን ደረጃ በእግራቸው ይወጡና በመስኮቷ ብቅ ብለው ያችኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ።

"ልጄ፣ ፋይሌ የት ደረሰ?"

"አልተንቀሳቀሰም አባባ።"

"በይ እንግዲያው እኔ ልንቀሳቀስ" ይሉና ሰባ ስምንቱን መልሰው ይወርዳሉ። ጉልበታቸው ቋ ቋ ሲል እስከ ውስጥ ድረስ ይሰማታል። አንድ ቀን ትንፋሻቸው እስኪመለስ ግድግዳውን ተደግፈው፣ "በቁሜ ካላዛወርኩላት ለልጄ የማወርሳት ይህንኑ ደረጃ ነው" አሏት። ከወረዱ በኋላ አሰበችበት። "አልተንቀሳቀሰም" የምትል አንዲት ቃል ለመስማት ሰው ጉልበቱን ለምን ይጨርሳል? እቤቱ ቁጭ ብሎ፣ የፋይሉን ቁጥር በስልኩ አስገብቶ ቢያያትስ? ድረ ገጽ የሚሉት ነገር ይህን የሚያደርግ ከሆነ ልትማረው ቆርጣ ተነሣች።

ይሁን እንጂ ምን እንደምትማር መወሰን ነበረበት፤ ይህን የመሰለ ከባድ ጉዳይ ደግሞ ለተማሪዋ አይተውም። ስለዚህ "ለጀማሪ ፕሮግራመር የሚገባውን ትምህርት አጥንቶ የሚያቀርብ ዐቢይ ኮሚቴ" ተቋቋመ። ሰብሳቢ የሆኑት ምክትል ሥራ አስኪያጁ ናቸው። እሳቸው ኮምፒውተር ይወዳሉ፤ በየጠዋቱ ጸሐፊያቸው ታበራላቸዋለች፣ ማታ ታጠፋላቸዋለች፣ በመሃል እሳቸው ያዩታል። የሕግ ክፍሏ ባለሙያና የሰው ሀብት ኃላፊው አባል ሆኑ። የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊውም አልቀረ። ይህ ሰው የማንኛውም ብልሽት ወሬ ሲደርሰው "ገመዱን ንቀሉና መልሳችሁ ሰኩት" ስለሚል ሠራተኛው ነቅሎ ሰኪ ብሎ ሰይሞታል።

የመጀመሪያውን ስብሰባ ሰብሳቢው በንግግር ከፈቱት።

"አበው 'ከመጠምጠም መማር ይቅደም' ብለዋል። እኛ ግን ከአበውም አንድ እርምጃ እንቀድማለን። ከመማር በፊት ምን መማር እንዳለብን ማወቅ ይቅደም!"

ተጨበጨበ። ከጭብጨባው በኋላ ፕሮጀክተሩ ሲበራ ምስሉ ግድግዳው ላይ መውጣቱን ትቶ ከግድግዳው ሥር በተቀመጡት ሰብሳቢ ላይ አረፈ። አጀንዳ ቁጥር አንድ ከረባታቸው ላይ፣ አጀንዳ ቁጥር ሁለት ቦርጫቸው ላይ ተነበበ።

"ኧረ ከሥሩ የሆነ ነገር አድርጉበት!" አሉ በብርሃኑ ዓይናቸውን እያጨናበሱ።

ነቅሎ ሰኪ ገመዱን ነቅሎ መልሶ ሰካው። ምስሉ ከቦርጩ ንቅንቅ አላለም። ያን ጊዜ ጸሐፊዋ ወደ መዝገብ ቤት ሮጠች።

"ለኮሚቴው ሦስት ፋይል ስጪኝ፣ ቶሎ!"

"የስንት ቁጥር?"

"ቁጥሩ የፈለገው ይሁን፤ ወፈር ወፈር ያለውን።"

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ኮሚቴው ፋይል ሊያይ ነው ብላ ልቧ በደስታ ዘለለ። ከመደርደሪያው ሁሉ ወፍራሙ፣ በሁለት ዓመት "ተጨማሪ ማስረጃ ይቅረብ" ብዛት ያበጠው፣ ቁጥር 4417 የመምህሩ ፋይል ነበር። በገዛ እጇ ከሁሉ በላይ አድርጋ ሰጠቻት። ጸሐፊዋም "ለኮሚቴ አገልግሎት" ብላ ፈረመች።

ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ስብሰባ ኮሚቴው "ጀማሪ" ማለት ማን እንደሆነ ተወያየ። ውይይቱ ቀላል አልነበረም።

"የጀመረማ ጀምሯል" አለች የሕግ ባለሙያዋ። "ያልጀመረ ደግሞ ጀማሪ ሊባል አይችልም። ምኑን ጀምሮ?"

"እና ጀማሪ የሚባል ሰው የለም ማለት ነው?" አሉ ሰብሳቢው ደንግጠው። ጀማሪ ከሌለ ኮሚቴውም አይኖርም፤ ኮሚቴው ከሌለ የስብሰባ አበሉስ?

በሰባተኛው ስብሰባ መፍትሔ ተገኘ። ፍቺው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፦ "ጀማሪ ማለት ለመጀመር የታጨ፣ ነገር ግን እንዲጀምር ያልተፈቀደለት ሰው ነው።" በማግሥቱ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ደረሳት። መማር ከጀመረች ጀማሪነቷን የምታጣ በመሆኑ፣ ጥናቱ ተጠናቅቆ የሚገባት ትምህርት በጽሑፍ እስኪገለጽላት ድረስ ሙያውን የሚመለከት ምንም ነገር እንዳትማር በጥብቅ ያሳስባታል።

እናቷ ደብዳቤውን እቤት አገላብጠው አዩት። ጽሑፉ ሳይሆን ማኅተሙ ነበር ያስደነገጣቸው።

"ምን አጥፍተሽ ነው ልጄ?"

"ምንም እማዬ። እንዳልማር ነው የሚለው።"

"ሥራ አይደል እንዴ ያለሽው? ማነው እንዳትማሪ ያለሽ?"

"ምን መማር እንዳለብኝ የሚያጠናው ኮሚቴ።"

እናትየው ደብዳቤውን ቀስ ብለው አጥፈው አስቀመጡት። ለጎረቤት ግን ያሉት "ልጄን ኮሚቴ ይዟታል" ነው። ጎረቤቶቹም "ፈጣሪ ያውጣት" እያሉ ለአንድ ሳምንት ጠየቋቸው።

ልጅቱ ግን ከኮሚቴው ማኅተም ይልቅ የመምህሩን ጉልበት ፈራች። በምሳ ሰዓት፣ ሕንፃው ጭር ሲል፣ በመዝገብ ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተር መማር ጀመረች። በዚህም ጀማሪነቷን አጣች።

ትምህርቱን በኢንተርኔት ላይ በነፃ አገኘችው፤ ፈራሚ የለው፣ ማኅተም የለው፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። መጀመሪያ ገጹ የሚዋቀርበትን ኤችቲኤምኤልን ያዘች፦ ርእሱ እዚህ፣ ቁጥር ማስገቢያው እዚህ፣ ቁልፉ እዚያ። ቀጥላ መልክ የሚሰጠውን ሲኤስኤስን ተማረች፤ ፊደሉን ትልልቅ አደረገችው፣ ባለጉዳዩ አብዛኛው መነጽር ያለው ነውና። በሦስተኛ ደረጃ፣ ቁልፉ ሲጫን አንድ ነገር እንዲሆን የሚያደርገው ጃቫስክሪፕት መጣና አሠቃያት። ለሁለት ሳምንት ቁልፉን ተጫነችው፣ ምንም አልሆነም። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው የሚመስለው ብላ ብቻዋን ሳቀች።

መምህሩ ምሳ ሰዓት ላይ የደረሱ ቀን መውረዱ ስለሚከብዳቸው ወንበር አውጥታ ታስቀምጣቸዋለች። ስትብሰለሰል አይተው ጠየቋት፤ ነገረቻቸው።

"ይኼማ ስምንተኛ ክፍል ያስተማርኩት ነው" አሉ። "ቁጥሩ ካለ፣ ቦታውን አሳይ። ከሌለ፣ 'የለም' በል። ሌላ ምን አለው?"

"ብዙ አለው አባባ።"

"ብዙው ቆይቶ ይመጣል። መጀመሪያ አንዷን ትንሽ ነገር እስከ መጨረሻው ሥሪያት። ተማሪ የሚበላሸው አሥር ነገር እኩል ሲጀምር ነው።"

አንዷን ትንሽ ነገር እስከ መጨረሻው ሠራቻት። ከዚያ መረጃው የሚቀመጥበትን ዳታቤዝና ጠያቂውን ከሕንፃው ውጭ ሆኖ የሚያስተናግደውን ሰርቨር ጨመረችበት። ያን ትልቁን መዝገብ መስመር በመስመር ገለበጠችው። በአራተኛው ወር አንድ ነጭ ገጽ ላይ "ፋይልዎ የት ደረሰ?" የሚል ጥያቄ፣ ከሥሩም ቁጥር ማስገቢያ ተቀመጠ። መምህሩ በስልካቸው 4417 ብለው አስገቡ። "ለኮሚቴ አገልግሎት ወጥቷል" አላቸው።

"ኮሚቴ እያየልኝ ነው!" አሉ። ሰባ ስምንቱን ደረጃ ፉጨት እያፏጩ ወረዱት፤ ከዚያ በኋላ እቤታቸው ሆነው ነው የሚያዩት፤ ከእሳቸው የሰማ ባለጉዳይ ሁሉም እንደዚያው።

ኮሚቴውም በበኩሉ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። ነቅሎ ሰኪ የመጀመሪያው ትምህርት ኤሌክትሪክ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ።

"መብራት ከሌለ ድረ ገጽ አለ? የለም!" ሲል ራሱ ጠይቆ ራሱ መለሰ።

መብራት የሚመጣው ከውሃ ነው ተባለና የግድብ ሥራ ታሪክ ተጨመረ። የሰው ሀብት ኃላፊው ደግሞ የአለባበስ ሥርዓት፣ የሰዓት አከባበርና የአመራር ጥበብ ከክፍል አንድ እስከ ክፍል ስድስት እንዲካተት አሳሰቡ። አንድ ቀን ጸሐፊዋ የፕሮግራም ቋንቋዎችን ዝርዝር ከኢንተርኔት አትማ አመጣች፤ ሠላሳ ሰባት ነበሩ።

"ከእነዚህ የትኛውን ትማር?" አሉ ሰብሳቢው።

"አንዱን መርጠን ሌላውን ብንተው አድልዎ ነው፤ ነገ ያስጠይቀናል" አለች የሕግ ባለሙያዋ።

"እንግዲያው ሠላሳ ሰባቱንም፣ በፊደል ተራ" ተብሎ ተወሰነ።

ቀጥሎ የልምድ ልውውጥ ጉዞ ተደረገ። አባላቱ ድረ ገጽ የሌለውን ሌላ መሥሪያ ቤት ለአሥር ቀን ጎብኝተው "ያለ ድረ ገጽ መኖር እንደሚቻል በተግባር አረጋግጠናል" የሚል ሪፖርት ይዘው ተመለሱ። ሲደማመር ትምህርቱ የዓመት ፈቃድን ሳይጨምር አሥራ አንድ ዓመት ከአራት ወር የሚፈጅ ሆነ። የሰው ሀብት ኃላፊው ያን ጊዜ ቴክኖሎጂው ተቀይሮ ቢገኝስ ብለው ጠየቁ።

"ይቀየርማ" አሉ ሰብሳቢው በእርጋታ። "ለዚያ ሌላ ኮሚቴ ይቋቋማል።"

በሰባተኛው ወር ሰብሳቢው አንድ አስደንጋጭ ነገር አስተዋሉ። ደረጃው ላይ ሰው የለም። ቀድሞ ወደ ቢሯቸው ሲገቡ በሁለት ረድፍ ቆሞ ለጥ ብሎ እጅ የሚነሣቸው ሕዝብ የት ገባ? አጣሩ፤ ደረሱበት፤ የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ አስጠሩ።

"ባለጉዳዩን የት አደረስሽው?"

"እቤቱ ነው ያለው፣ ክቡር ምክትል ሥራ አስኪያጅ። በስልኩ ያያል።" ገጹን አሳየቻቸው።

ሰብሳቢው ለረጅም ጊዜ አዩት። "ይህን ማን አስተማረሽ?"

"ራሴ ነኝ የተማርኩት።"

"ማን ፈቀደልሽ?"

"ማንም።"

"አየሽ፣ ስለዚህ አልተማርሽም ማለት ነው" አሉ በአዘኔታ። "ያልተፈቀደ ትምህርት ትምህርት አይደለም። ይኼም የምታሳዪኝ ነገር ድረ ገጽ አይደለም፤ ድረ ገጽ የሚኖረን ከአሥራ አንድ ዓመት ከአራት ወር በኋላ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?"

"ይሠራል እኮ ጌታዬ።"

"ችግሩ እሱ ነው።"

ወዲያው ሊያዘጉት ነበር። ነገር ግን በሳምንቱ ባለ አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጹ የትምህርት ሰነድ፣ ከበላይ መሥሪያ ቤት የሚመጡ እንግዶች ባሉበት ይመረቃል፤ እንግዶች ደግሞ አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ብቻ ሲያዩ ማዛጋታቸው አይቀርም። ሰብሳቢው ዓይናቸውን በጨው የታጠቡ ሰው ናቸውና ገጹን ለአንድ ቀን ሊጠቀሙበት ወሰኑ። ትምህርቱ ወደፊት የሚያስገኘው ውጤት ናሙና ተብሎ ይቀርባል፣ ከዚያ ይዘጋል።

በምረቃው ዋዜማ ኮምፒውተሩን እንድታዘጋጅ ወደ ስብሰባ አዳራሹ ገባች። ጀማሪ በስብሰባ ስለማይገኝ አዳራሹን ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። ገመድ ልትሰካ ጎንበስ ስትል ከፕሮጀክተሩ ሥር የተነባበሩትን ሦስት ፋይሎች አየች። የላይኛው ጀርባ ላይ በራሷ የእጅ ጽሕፈት 4417 ተብሎ ተጽፏል። ፕሮጀክተሩን አንሥታ እስከ መጨረሻው ገጽ ገለጠችው።

ክው አለች። ለወራት "ኮሚቴ እያየልኝ ነው" እያሉ የጠበቁት ሰው ፊት ዓይኗ ላይ መጣ። ለዚህ ቦታ መርጣ የሰጠችውም እሷው ናት። እንባዋን ውጣ ወደ ሰብሳቢው ቢሮ ሄደች።

"ክቡር ምክትል ሥራ አስኪያጅ፣ የአንድ ሽማግሌ ፋይል ከፕሮጀክተሩ ሥር ተቀምጧል። ልውሰደው?"

"ለኮሚቴ አገልግሎት ተብሎ በፊርማ የወጣ ነው?"

"ነው።"

"ታዲያ እያገለገለ አይደለም እንዴ?"

"ሰውየው እኮ እየጠበቁ ነው..."

"ኮሚቴው ሥራውን ሲጨርስ በፊርማ ይመለሳል። ደግሞ ነገ እንግዳ አለብን፤ ምስሉ ደረቴ ላይ እንዲወርድ ነው የምትፈልጊው? በይ ሂጂ።"

ሄደች። መዝገብ ቤት ገብታ ኮምፒውተሩን ከፈተች፤ በቁጥር 4417 ትይዩ ያለውን መስመር አጥፍታ እንደ ገና ጻፈችው። ውሸት አልጨመረችበትም፤ በስድስት ዓመት ሥራዋ እንደዚያ ተጠንቅቃ የመዘገበችው ነገር አልነበረም።

በምረቃው ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። የኮሚቴው አባላት ከግድግዳው ሥር ባለው የክብር ጠረጴዛ ፊታቸውን ወደ እንግዶቹ አዙረው ተደረደሩ። ሰብሳቢው አንድ ሰዓት ከሩብ ተናገሩ። ከዚያ ናሙናውን የሚሞክር ባለጉዳይ ተፈለገ፤ ከረባት የሚያስር ባለጉዳይ ብርቅ ስለሆነ ጡረተኛው መምህር ተጠርተው መጥተዋል።

"አባታችን፣ ቁጥርዎን ያስገቡ። አይፍሩ፣ አይነክስም!" አሉ ሰብሳቢው፤ እንግዶቹ ሳቁ።

መምህሩ መነጽራቸውን አስተካክለው አራቱን ቁጥሮች አንድ በአንድ ተጫኑ። ከአባላቱ ራስ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በዚያ ለባለ መነጽር ተብሎ በተመረጠው ትልቅ ፊደል እንዲህ የሚል ወጣ፦

"የፋይል ቁጥር፦ 4417። ያለበት ቦታ፦ ስብሰባ አዳራሽ፣ ከፕሮጀክተሩ ሥር። የሚሰጠው አገልግሎት፦ ፕሮጀክተሩን ከፍ ማድረግ። የቆየበት ጊዜ፦ 211 ቀን። የቀረው ሥራ፦ የምክትል ሥራ አስኪያጁ አንድ ፊርማ።"

የኮሚቴው አባላት ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተዋልና ፈገግ እንዳሉ ናቸው። መምህሩ ግን ጽሑፉን ሰሌዳ ላይ እንደሚያነብ ሰው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ ወደ ፕሮጀክተሩ ተራመዱ።

"አባት፣ እንዳይነኩት! ምስሉ ይወርዳል!" ብለው ጮኹ ሰብሳቢው።

"ይውረድ!" አሉ መምህሩ። "እኔ ሁለት ዓመት ስወርድ ማን ጮኸልኝ?"

ፋይሉን መዠረጡት። ምስሉ ከግድግዳው ተንሸራትቶ የክብር ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። "የቆየበት ጊዜ፦ 211 ቀን" በሰብሳቢው ግንባር ላይ፣ "የሚሰጠው አገልግሎት" በነቅሎ ሰኪ ደረት ላይ ጉልህ ሆኖ ተነበበ። ነቅሎ ሰኪ ዘሎ ተነሣና ገመዱን ነቀለው። ጨለማ ሆነ፤ ሁሉም ተነፈሰ። ከዚያ የሃያ ዓመት ልማዱ አሸነፈውና መልሶ ሰካው።

ከእንግዶቹ አንዷ ወይዘሮ ከሳቃቸው ሲመለሱ "እውነት አንድ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው?" ብለው ጠየቁ። ሰው ሁሉ እያየ ነበርና ሰብሳቢው እዚያው ፈረሙ። አራት ሰከንድ ፈጀ። መምህሩ ፋይሉን ታቅፈው፣ የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ ግንባሯን ስመው፣ ሰባ ስምንቱን ደረጃ ለመጨረሻ ጊዜ ወረዱ።

በማግሥቱ ገጹ ባስቸኳይ እንዲዘጋ ታዘዘ። ነቅሎ ሰኪ ለሁለት ቀን የሕንፃውን ገመድ ሁሉ ነቅሎ መልሶ ሰካ፤ ስልኩ፣ መብራቱና የበሩ ደወል ተቋረጡ፣ ገጹ ግን ይሠራ ነበር። በሦስተኛው ቀን እሷው እንድትዘጋው በደብዳቤ ተጠየቀች። በደብዳቤ መለሰች፦ "የሚገባኝ ትምህርት ተጠንቶ በጽሑፍ እስኪገለጽልኝ ድረስ ምንም ነገር እንዳልማር በታዘዝኩት መሠረት፣ ገጽ መዝጋት ያልተማርኩ መሆኔን በአክብሮት እገልጻለሁ።"

የሕግ ባለሙያዋ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አንብባ እንከን አጣችለት። ስለዚህ "ድረ ገጽ ለመዝጋት ለጀማሪ የሚገባውን ትምህርት አጥንቶ የሚያቀርብ ዐቢይ ኮሚቴ" በእነዚያው አባላት ተቋቋመ። በመጀመሪያው ስብሰባ ምስሉ ዳግመኛ ቦርጭ ላይ ሲያርፍ ጸሐፊዋ ወደ መዝገብ ቤት ሮጠች።

"ወፈር ያለ ነገር ስጪኝ፣ ቶሎ!"

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የባለጉዳይ ፋይል አልነካችም። ባለ አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጹን የትምህርት ሰነድ አንሥታ ሰጠቻት፣ አስፈረመቻትም። ልክክ አለ። ሰነዱ ከታተመ ወዲህ አንድ ነገር ከፍ ሲያደርግ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።